የሥራ ጩኸትና የጆሮ ጤና

ዐይኑ የታመመ ሰው በትር ይዞ መንገድ ሊሻገር ሲሞክር ያየ ሁሉ እጁን ይዞ ያሻግረዋል፤ ጆሮው የከበደ ሰው ግን ነገር ሲያስደግም ይሳቅበታል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲያስደግም ደግሞ ይቈጡታል። በቋንቋችን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል መስማት የተሳነውንም ያልተማረውንም አንድ አድርጎ ስለሚሰድብ፣ መስማቱ የደከመ ሰው ሕመሙን እንደ ነውር ይሸሽገዋል። ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል፤ ያልሰማውን እንደ ሰማ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ እየቈየም ከማኅበርና ከቡና ይቀራል። ወደ ሐኪም ቢመጣ እንኳ የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በዚህ ወር ልንጽፍበት የመረጥነው ከእርጅና ወይም ከጆሮ መግል የሚመጣውን ሳይሆን ከጩኸት የሚመጣውን የመስማት ጉድለት ነው። ይህ ጉድለት አንድ ጊዜ ከደረሰ በኋላ መድኀኒት የለውም፤ ከመድረሱ በፊት ግን ፈጽሞ ልንከላከለው የምንችለው ነው። በነገሩም ላይ ሳንሸሽግ የምንናገረው አስተያየት አለን። ስለ ጩኸት ምክር በተሰጠ ቍጥር ሠራተኛው ጆሮውን እንዲደፍን ይነገረዋል። እኛ ግን ምክሩ መጀመር ያለበት ከሠራተኛው ጆሮ ሳይሆን ከባለንብረቱ ሞተር ነው እንላለን።

ወደ ጽሕፈት ቤታችን ከመጡት ባለጉዳዮች አንዱ በእህል ወፍጮ ቤት 19 ዓመት የሠራ የ41 ዓመት ሰው ነበር። የመጣው ስለ ጆሮው አልነበረም፤ ከሥራ ስለ ተሰናበተ ሌላ ሥራ የሚፈልግበት የጤንነት ማስረጃ እንድንጽፍለት ነበር። የስንብት ደብዳቤውን ስናነበው «የአሠሪውን ትእዛዝ ስለማይሰማ» የሚል ምክንያት ሰፍሮበት አገኘን። ሰውየው በዚህ ቃል እጅግ አዝኖ ነበር፤ «እንዴት እምቢ እላለሁ? ልጆቼን ያሳደግሁበት እንጀራዬ አይደለም ወይ?» እያለ ይምልልን ነበር። እኛም ከጀርባው ቆመን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በስሙ ብንጠራው ዞሮ አላየንም። ደብዳቤው እንግዲህ በፊደሉ እውነት ነበረ፤ ሰውየው ትእዛዙን አልሰማም። እንዳይሰማ ያደረገው ግን ትእዛዙን የሚሰጠው አሠሪ ወፍጮ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ ብንጠይቀው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማታ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ጆሮው ጭው ይል እንደ ነበርና ጧት ሲነሣ እንደሚተወው ነገረን። ኋላ ግን ጭውታው ጧትም አልተወው አለ። ኩክ የደፈነው መስሎት በክብሪት እንጨት ጐርጕሮታል፤ ጎረቤትም ዘይት አሙቆ አፍስሶለታል። (በዚህ አጋጣሚ እንናገር፤ ክብሪትም የሞቀ ዘይትም ለጆሮ ሕመም መድኀኒት አይደሉም፤ እንጨቱ የጆሮውን ታምቡር ይበሳል፣ የሞቀው ዘይትም ያቃጥላል።) ከሁሉ የባሰው ሐዘኑ የትንሿ ልጁ ነገር ነበር። የትልልቅ ወንዶች ድምፅ እንደ ነገሩ ሲሰማው የእርሷ ቀጭን ድምፅ ግን ከጠፋበት ቈይቷል። ልጅቱም ይህን ስለ ተረዳች አባቷን መጥራት ትታ እጅጌውን ትጐትታለች።

የልጅቱ ድምፅ አስቀድሞ የጠፋበት ምክንያት አለው። በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ጥምዝምዝ አካል አለ፤ በውስጡም በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ደቃቃ ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት በተራ ተሰልፈዋል። ድምፅ ሲገባ ፀጉሮቹ ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜያቸውም በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል። ልከኛ ነፋስ የነካው ጤፍ ተኝቶ እንደሚነሣ፣ ለጥቂት ጊዜ በጩኸት የተመቱ ሕዋሳትም አርፈው ይነሣሉ፤ ማታ ጭው ብሎ ጧት የሚተወው ጆሮ እንዲህ ያለው ነው። በረዶ የወረደበት ጤፍ ግን አይነሣም። በየቀኑ የሚደበደቡት ሕዋሳት እየሞቱ ይሄዳሉ፤ የሞቱትም በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ሊቃውንት በጫጩቶች ላይ ባደረጉት ምርምር በጩኸት የተጐዳው የወፎች ጆሮ ሕዋሱን መልሶ እንደሚያበቅል ታውቋል። በወፍጮ ቤቱ ደጅ ጥሬ የምትለቅመው ዶሮ ጆሮዋ ቢጐዳ ይመለስላታል ማለት ነው፤ ወፍጮውን ለሚያንቀሳቅሰው ሰው ግን ይህ ዕድል አልተሰጠውም።

ደግሞም ጩኸት ፊተኛ የሚያጠፋው ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉትን ሕዋሳት ነው። ስለዚህ ሰውየው ወፍራሙን ድምፅ እየሰማ የሕፃናትን ድምፅ፣ የወፍ ዜማን፣ የስልክን ጥሪ ያጣል። በንግግርም ውስጥ «ሰ»ን፣ «ፈ»ን፣ «ሸ»ንና «ተ»ን የመሳሰሉት ቀጫጭን ፊደላት ይሟሟሉበታል፤ «ሠራ»፣ «ፈራ»፣ «ጠራ» ሁሉ አንድ ይሆኑበታል። «ስትናገር እሰማለሁ፤ የምትለው ግን አይገባኝም» የሚል ሰው ስታገኙ አእምሮው እንደ ደከመ አድርጋችሁ አትቍጠሩት፤ የሕመሙ መልክ ይህ ነውና። ብትጮኹበትም አይረዳውም፤ ፊቱን ወደ እናንተ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ብትናገሩት ይሻላል።

የድምፅ ኀይል የሚለካው ዲሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። ሹክሹክታ 30፣ ተራ ጭውውት 60 ዲሲቤል ያህል ነው። በሙያው ሊቃውንት ዘንድ የተለመደው ወሰን 85 ዲሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ነው። አሳሳቹ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው አቈጣጠር ነው፤ ዲሲቤል እንደ ብር ወይም እንደ ኪሎ አይደመርምና። ሦስት ዲሲቤል ብቻ ሲጨመር የድምፁ ኀይል እጥፍ ይሆናል፤ የተፈቀደውም ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዲሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዲሲቤል 2 ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት ብቻ፣ በ100 ዲሲቤል ደግሞ 15 ደቂቃ ነው። መለኪያው መሣሪያ የሌለው ሰው ይህን ይያዝ፤ በክንድ ርቀት ለቆመ ሰው ለመናገር መጮኽ ካስፈለገ የቦታው ድምፅ ከወሰኑ ደርሷል ወይም አልፏል። በከተማችን ካሉት ወፍጮ ቤቶችና ብረታ ብረት ቤቶች ይህን ፈተና የሚያልፈው ስንቱ ይሆን?

ይህ ዕውቀት አዲስ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ራማዚኒ የተባለው የኢጣሊያ ሐኪም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1713 ዓመት ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቬኒስ ከተማ በአንድ ሠፈር ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉት አንጥረኞች ጆሯቸው እየከበደ በሥራው ሲያረጁም ፈጽመው እንደሚደነቍሩ ጽፏል። በ1886 ዓመትም ቶማስ ባር የተባለው የጆሮ ሐኪም በግላስጎ ከተማ 100 የእንፋሎት ጋን ቀጥቃጮችን ቢመረምር ጆሮው ጤነኛ የሆነ አንድም ሰው አላገኘም። ራማዚኒ ያየውን ለማየት ዛሬ ወደ ቬኒስ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ መርካቶ ወደ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው በርሜሉ ወደ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ወደ መጥበሻ ሲለወጥ ያያል፤ ከወደቀ ብረት ዕቃ የሚያወጣውን የእጅ ጥበብም ያደንቃል። መዶሻውን የጨበጡት ወጣቶች ግን ጆሯቸው ባዶ ነው። ብትጠይቋቸው «ለምደነዋል» ይላሉ። ጆሮ ጩኸትን አይለምድም፤ ለመደ የተባለው ጆሮ የሞተው ነው።

እንግዲህ ወደ አስተያየታችን እንመለስ። ጆሮ መድፈኛ ጥሩ ነገር ነው፤ በእጅ ካለ ሁሉ መደረግ ይገባዋል። ነገር ግን በ100 ዲሲቤል ውስጥ የሚሠራ ሰው ለመነጋገር ብሎ በቀን 15 ደቂቃ ያህል ቢያወልቀው የዚያን ቀን የተፈቀደለትን ጩኸት በሙሉ በነዚያ ደቂቃዎች ጨርሶታል። ጆሮው በላብ ይታመማል፤ ዱቄት በነካው እጅ ደፍኖት ይቈስላል፤ የደንበኛን ቃል መስማት አለበትና ያወልቀዋል። ብዙዎች የሚወትፉት ጥጥ ደግሞ ጩኸትን የሚከለክለው እጅግ በጥቂቱ ሲሆን «ተጠብቄአለሁ» የሚል የሐሰት መተማመኛ ይሰጣል። መላውን ጥበቃ በሠራተኛው ጆሮ ላይ ማንጠልጠል ከሚያፈስ ጣሪያ በታች ለሚኖር ሰው ጃንጥላ እንደ መግዛት ነው። ጣሪያው ለምን አይጠገንም?

ጥገናው የሚያስፈራ አይደለም። የወፍጮ ጩኸት እኵሌታው ከመፍጨቱ ሳይሆን ከቸልታ የሚመጣ ይመስለናል። ኩሽኔታው ያለቀ ሞተር ያፏጫል፤ ቡሎኑ የላላ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ማርሚታው የተቀደደ የናፍጣ ሞተር ሠፈሩን ሁሉ ያውካል። ከመኪናው እግር በታች ወፍራም ጎማ ማንጠፍ ንቅናቄው ወደ ወለሉና ወደ ግድግዳው እንዳይዛመት ያደርጋል። ሞተሩን ከፈጪው ክፍል በግንብ መለየት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጥቅም አለው፤ የጭቃ ግድግዳም ቢሆን ከቆርቆሮው እጅግ ይሻላል። አዲስ ሞተር የሚገዛ ሰው ስለ ፈረስ ጕልበቱና ስለ ነዳጁ እንደሚጠይቅ ሁሉ «ጩኸቱ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። እህል ለማስፈጨት የሚመጡት እናቶችም ሕፃን አዝለው በሞተሩ አጠገብ ተራ እንዲጠብቁ ማድረግ የማይገባ ነው። በገላጣ ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ መቀመጫውን ከበሩ ወደ ዛፉ ጥላ ማዛወር ብቻ፣ አንድ ሳንቲም ሳያስወጣ፣ ለሕፃኑ ጆሮ ትልቅ ነገር ነው።

ወጪው ይበዛል የሚሉ ባለወፍጮዎችና ባለጋራዦች አሉ፤ በኑሮው መወደድ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። ግን ኩሽኔታን በጊዜው መለወጥ ሞተሩንም ያድናል። ግንብ ለመሥራት አቅም የሌለው ደግሞ ሠራተኞቹን በየሁለት ሰዓቱ ማፈራረቅ አያቅተውም፤ አንዱ ከሞተሩ አጠገብ ሲሆን ሌላው በውጭ ሚዛኑን ይይዛል። መድፈኛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። በመጣም ጊዜ አጠቃቀሙን ማስተማር ይገባል፤ እጅን ታጥቦ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ የሆነውን መድፈኛ አቅጥኖ መጠቅለል፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባት፣ እስኪነፋም ድረስ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይዞ መቈየት ነው። ጫፉ ላይ ብቻ የተሰካ መድፈኛ ጌጥ ነው።

ሕጉም ከእኛ አስተያየት የራቀ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ መከላከያም እንዲሰጥ ያዝዛል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ያውቃል። ስለ አካባቢ ብክለት ቍጥጥር የወጣው አዋጅ ቍጥር 300/1995 ደግሞ ለድምፅ ከፍተኛ መጠን እንዲወሰንለት ደንግጓል። የጐደለው ማስረጃው ነው። ያ የወፍጮ ሠራተኛ ሥራ በገባበት ቀን ጆሮው ምን ያህል ይሰማ እንደ ነበር የሚናገር አንዲት ወረቀት የለችም፤ ስለዚህ አሠሪው «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» ቢል የሚረታው ሰው አይገኝም።

ለትምህርት በውጭ አገር በነበርንበት ዘመን አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ጐብኝተን ነበር። አዲስ ሠራተኛ የሥራ ልብስ ከመቀበሉ በፊት በትንሽ ዝግ ክፍል ተቀምጦ የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ፈተና ይሰጠዋል፤ በየዓመቱም ይደገማል። ያስደነቀን መሣሪያው አልነበረም፤ ሠራተኛው የዘንድሮውን ወረቀት ከአምናው ጋር አስተያይቶ «ይህ መሥመር ለምን ዝቅ አለ?» ብሎ አለቃውን መጠየቁ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ በየከተማችን እንደማይገኝ እናውቃለን። ቢሆንም እንደ ጨርቃ ጨርቅ ያሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን ሲቀጥሩና በየዓመቱ ወደ ሆስፒታል ልከው ማስመርመር ይችላሉ፤ ሊያደርጉትም ግዴታቸው ይመስለናል። ትንንሾቹ ድርጅቶች ደግሞ ከዚህ በታች የምንጽፈውን የሹክሹክታ ፈተና ቀንና ፊርማ አድርገው ይያዙ።

ከሥራ ውጭ ስላለው ጩኸት ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ አንባቢው በየቀኑ የሚሰማው ነውና። ሚኒባሱ ዘፈኑን ከፍቶ ክላክሱን እየነፋ ያልፋል፤ የሠርግ ድንኳን ድምፅ ማጉያውን ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ራስ አጠገብ ይሰቅላል፤ ደስታውንም በጥይት የሚገልጽ አለ። የጠመንጃ ተኩስ ከ140 ዲሲቤል ስለሚያልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰማ ጆሮን ሊጐዳ ይችላል። ሠርግ ያለ ዘፈን ይሁን አላልንም። ድምፅ ማጉያው ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ ከመቀመጫው ይራቅ፣ ጐን ለጐን የተቀመጡ ዘመዳሞች ሳይጮኹ ይነጋገሩበት ነው የምንለው። ወጣቶች በስልክ የሚያደምጡት የጆሮ ማዳመጫ ግን ከሁሉ ያሳስበናል፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ12 እስከ 35 ዓመት ከሆናቸው ወጣቶች ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት እንዲህ ባለው አደማመጥ ለአደጋ ተጋልጠዋል። ድምፁን ከሙሉው ከ60 በመቶ በላይ አለማድረግ፣ በመካከሉም ጆሮን ማሳረፍ ይገባል። በጩኸት መካከል ተቀምጦ ያንን ጩኸት ለማሸነፍ ብሎ ድምፁን የሚያስነሣ ወጣት ሁለት ጊዜ ይጐዳል።

መምህራን ሆይ፣ በዚህ ነገር ከሐኪሙ ይልቅ እናንተ ቅርብ ናችሁ። የትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ በዕረፍት ሰዓት ድምፅ ማጉያውን ወዴት እንዳዞረው ተመልከቱ፤ ልጆች ከሥሩ ተሰብስበው የሚጫወቱ ከሆነ ድምፁን አስቀንሱ፣ ማጉያውንም ወደ ገላጣው ሜዳ አስዙሩ። በክፍል ውስጥም «ሰነፍ ነው፣ ልቡ አይገኝም» የሚባለውን ልጅ ከመቅጣታችሁ በፊት ጆሮውን ፈትኑ።

ፈተናው እንዲህ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ልጁ ተቀምጦ አንድ ጆሮውን በጣቱ ይድፈን፤ ጣቱንም ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅሰው። መምህሩ ከንፈሩ እንዳይታይ ከኋላው በክንድ ርቀት፣ ማለት በ60 ሳንቲሜትር ያህል ይቁም። ትንፋሹን አስወጥቶ ሦስት ቃል፣ ለምሳሌ «ስድስት፣ ለ፣ ሁለት» ብሎ ያንሾካሽክ፤ ልጁም ይድገመው። ሦስቱን በትክክል ከመለሰ ደኅና ነው፤ ካልመለሰ ሌላ ሦስት ቃል ይጨመርለት። ከስድስቱ ሦስቱን ካላገኘ በክፍል ከፊት ወንበር ይቀመጥና ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያመጡት ይነገራቸው። ከዚያም ሌላው ጆሮ በሌላ ቃል ይፈተናል። በአንድ የትምህርት ሰዓት ውስጥ ብዙ ልጆችን መፈተን ይቻላል። ውጤቱ ከነቀኑ በልጁ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወርም መዝገቡ አብሮት ይሂድ። ልጁ አድጎ ነገ በወፍጮ ቤት ወይም በፋብሪካ ሥራ ሲይዝ ስለ ጆሮው የተጻፈች ፊተኛዋ ወረቀት ያች ትሆናለች።